ሸክላ ለሚነቅፍም ሸክላ ለሚሳለምም

መሐል ሜዳ ተቀምጦ የሙዚቃ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ከሁለት ወገን ይተኮስበታል። አንደኛው ወገን «ይሄን ጥቁር ሰሃን ምን ልታደርገው ነው?» ባይ ነው። ሁለተኛው ሸክላውን በጓንት ይዞ የሚሳለም፣ ግን የማያጫውት ነው። የመጀመሪያውን እወደዋለሁ፤ ቢያንስ ስድቡ ከልቡ ነው። መልስ ግን ለሁለቱም አላጣም። በመንዝ መሬት ቢጠብ ሙግት ሰፊ ነው፤ ተከራካሪ ያጣ ሰው ከገዛ በሬው ጋር ይሟገታል።

ከመጀመሪያው ወገን ልጀምር። ከደብረ ብርሃን የመጣ አንድ ወጣት ዘመዴ መደርደሪያውን አይቶ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ስልኬ ውስጥ ሚሊዮን ዘፈን አለኝ።»

«ከሚሊዮኑ ስንቱን እስከ መጨረሻው ሰማኸው?»

ዝም።

«እኔ ያለኝ ጥቂት ነው። ግን ካስቀመጥኩት እስኪያልቅ ነው። አንተ ዘፈን ትዘላለህ፣ እኔ ዘፈን እሰማለሁ።»

«በየሦስት አራት ደቂቃው እየተነሱ መገልበጡስ አያደክምም?»

«ሐኪም ተንቀሳቀስ ብሎኛል። ትንሹ ሸክላ በየጎኑ አንድ ዘፈን ብቻ ይይዛል፤ በአንድ ምሽት ጓሳን ወጥቼ እወርዳለሁ።»

ልጁ አልተረታም። ትልቁን ሸክላ አንስቶ መሐሉ ላይ የተለጠፈውን አነበበ። «33 ከሲሶ ምንድን ነው?»

«በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። ከ1948 ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ የታተመውም በፈረንጅ አገር ስለሆነ። ትንሹ ደግሞ በዓመቱ በ45 ዙር መጣ።»

«ሲሶዋ ለማን ትሄዳለች?»

«ለመርፌዋ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ሳትሰማ የቀረች ሲሶ አራሽ እሷ ብቻ ናት።»

ይህ ተረብ ተመችቶኝ ስለነበር ጥያቄውን እኔ ቀጠልኩ። «በል አንተ አዋቂው፣ በአንድ ጎን ላይ ስንት መስመር አለ?» ወደ መስኮቱ አዘነበለና አየ። በጥፍሩ ሊቆጥር ሲል እጁን ያዝኩት።

«ሺህ ይሆናል።»

«አንድ።»

«እንዴት አንድ?»

«ከዳር ተነስቶ እየተጠመዘዘ መሐል የሚገባ አንድ መስመር ነው። የ20 ደቂቃው ቢዘረጋ ከ400 ሜትር ያልፋል። መርፌዋ ይህን ሁሉ በእግሯ ነው የምትሄደው። አንተ ከዚህ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ነው የሄድከው።»

አጠገቤ የነበረው የዓለም ከተማው ወዳጄ እዚህ ላይ ገባ። መርሐቤቴ ሰው ሲሸነፍ ቁጭ ብሎ አያይም፤ በተለይ ያሸነፈው መንዜ ከሆነ።

«ለመሆኑ መንዝና ሸክላ ምን አገናኛቸው? እናንተ ባና ስትሠሩ ኖራችሁ እንጂ ሙዚቃ መቼ ሰማችሁ?»

«የመጀመሪያው አድማጭ የኛ ሰው ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ድምፅዋን ሰም ላይ ቀድታ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልካለች። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ደግሞ የሚመዘዘው ከመንዙ ነጋሢ ክርስቶስ ነው።»

«ምኒልክ አንጎለላ ነው የተወለዱት። እናንተ ዘመዳችሁ ከተሾመ የመንዝ፣ ከተሻረ የግሼ ነው የምትሉት። ይሁን። ሸክላው የት አለ?»

«ከተደመጠ በኋላ እንዲጠፋ ውል ነበር፤ ጠፋ።»

«አየህ! መንዜ እጅ የገባ ነገር።»

«ውሉ የእንግሊዞቹ ነው፤ የንግሥታቸው ድምፅ በየገበያው እንዳይዞር ፈርተው። ምኒልክና ጣይቱ የመለሱት ድምፅ ግን ዛሬም ይደመጣል። የነሱ ሰም ቀለጠ፣ የኛ ወርቅ ቀረ።»

ጥቂት አሰበ። መርሐቤቴ ሲያስብ አደገኛ ነው።

«የነገሥታቱን ተወውና፣ ከተራው ሰው ማን አስቀረጸ?»

«ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፤ የምንጃር ሰው። ያው ሰሜን ሸዋ ነው። ምኒልክ በ1908 ስለ አውቶሞቢል እንዲማር ጀርመን ላኩት፤ እዚያው ዘፈኑን በሸክላ አስቀረጸ።»

«መኪና ተማር ተብሎ ተልኮ ዘፍኖ መጣ?»

«መኪናውንም ተምሮ መጣ።»

«እንግዲያው ልጆቻችንን ኢንጂነሪንግ ልከን ቲክቶከር ሆነው ሲመለሱ ለምን እናለቅሳለን? የአገር ልማድ ነዋ!»

ይህችን አልመለስኩለትም። ጥሩ ተረብ ሲመጣ ኮፍያ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ብርዱ ግን ኮፍያ አያስነሳም። ስለ ብርዱ ካነሳን ደግሞ፣ ሸክላ ከፀሐይና ከሙቀት ጋር ጠበኛ ነው፤ መስኮት ሥር ወይም መኪና ውስጥ ረስተኸው ከሄድክ እንደ እንጀራ ተጠቅልሎ ይጠብቅሃል። «በዚህ በኩል መንዝን የሚያህል የሸክላ ቤት የለም፤ እናንተ ጀማ ቆላ ውስጥ ዘፈናችሁ ሳይጀመር ይጣመማል» አልኩት።

«የእናንተ ሸክላ አይጣመምም፤ እጃችሁ በብርድ እየተንቀጠቀጠ መርፌውን መሐል ዘፈን ላይ ይጥለዋል እንጂ። ቆላ ያለ ሰው የተጣመመ ዘፈን ይሰማል፤ መንዜ መግቢያው የሌለው ዘፈን ይሰማል።»

መልሱ ቀላል ነው፤ ክንዱን ቀስ ብላ የምታወርድ ማንሻ አለች፣ እጅህን አትጠይቅም። ግን አልነገርኩትም። ሁሉን ነገር ለመርሐቤቴ አይነግሩም።

የሚያናድደኝ ነቃፊ ሳይሆን አዛኝ ነው። «ሸክላህ አቧራ ለብሷል፣ ላጽዳልህ?» ብሎ የሚመጣ። አንዱ ጎረቤቴ የድሮ ባለ 78 ዙር ሸክላ እጄ ላይ አይቶ፣ ኪሱ ውስጥ ወዳለችው ጠርሙስ እጁን ሰደደ።

«በአረቄ እንወልውለው።»

«አይሆንም!»

«አረቄ የማያነጻው ነገር አለ?»

«ይሄ ባለ 78 ዙር የተሠራው ከሙጫ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል።»

«እኔን እኮ ስንት ዓመት አላሟሟኝም።»

«መሟሟትህን ባለቤትህን ጠይቃት።»

ለአዲሶቹ፣ ማለትም ከ1950ዎቹ ወዲህ ለመጡት የፕላስቲክ ሸክላዎች፣ ጋራዥ የሚሸጠው የተጣራ የባትሪ ውሃ (አሲዱን አላልኩም!)፣ አንዲት ጠብታ የሳህን ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ጨርቁ መስመሩን ተከትሎ በዙሪያው ይሄዳል እንጂ ከመሐል ወደ ዳር አይፈገፍግም። መሐል ያለው ወረቀት ውሃ አይንካው። በቃ። ከዚህ በላይ የሚነግርህ ሰው የሚሸጥልህ ጠርሙስ አለው።

ይኸው ጎረቤቴ በሌላ ቀን ስጦታ ይዞ መጣ። የበግ ጠጉር ባና ነው፣ ወፍራም፣ አዲስ። «ሸክላዎችህ ይብረዳቸዋል፣ ጠቅልላቸው» አለ። ልብ ይነካል፤ ግን ለሸክላ ከባና የባሰ ጠላት መፈለግ ያደክማል። ሱፍና ፕላስቲክ ሲፋተጉ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ። በጨለማ ባናህን ስትገፍ ቸር ቸር የሚለው እሱ ነው። ያ ኤሌክትሪክ ሸክላው ላይ ተቀምጦ የቤቱን አቧራ በሙሉ ይጠራል። አንዱን ትንሽ ሸክላ ባናው ላይ ሁለቴ ፈተግ አድርጌ የቆሎ ገለባ ወዳለበት ሰፌድ አስጠጋሁለት፤ ገለባው እየዘለለ ተለጠፈበት። ጎረቤቴ አማተበ።

«ምን አስነካኸው?»

«ያመጣህልኝን ስጦታ።»

ባናውን ግን አልመለስኩም። እኔ እለብሰዋለሁ፤ ሸክላዎቼ ስስ የወረቀት ሽፋናቸውን ለብሰው በመደርደሪያው ላይ ቆመው ይሰሙኛል። ቆመው ነው ያልኩት። ሸክላ ተኝቶ አይከመርም፤ የላይኛው የታችኛውን ይጫነዋል። ክምር ለገብስ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደ ተሳላሚዎቹ። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጡት። አንዱ የታሸገ ነገር በደረቱ አቅፎ መጣ፤ አስቀምጥ ስለው ወንበሩን በመሀረብ ጠረገለት። ለራሱ አልጠረገም።

«የማኅሙድ አሕመድ ኦሪጅናል ነው፤ ካይፋ ያሳተመው፣ የ1975።»

«እግዜር ይስጥልን! በል አስቀምጠውና እንስማ።»

«ኧረ አይጫወትም!»

«ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም፤ ዋጋው እንዳይወርድ ነው።»

«ታዲያ ማኅሙድ የዘፈነው ለማን ነው? ለካርቶኑ?»

«አንተ አይገባህም። ውጭ አገር በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል።»

«እኔ ላይ ዶላር የለም፤ ጆሮ ነው ያለኝ።»

ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ነው። ተሳላሚው ይተክዝና «ፈረንጅ ቅርሳችንን ጠራርጎ ወሰደው» ይላል። እዚህ ላይ ተረቤ ትንሽ ይመርራል። ፈረንጁ ከየት ወሰደው? እኛ ጀበና ካሳረፍንበት፣ በፈላ ውሃ አለስልሰን የአበባ ማስቀመጫ ካደረግነው፣ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከላይና ከታች ከጨፈለቅነው ላይ ነዋ። ከ1969 እስከ 1978 አገራችን ያሳተመችው ወደ 500 ትንንሽ ሸክላና ወደ 30 ትልልቅ ነው ይባላል። ይህን ያህል ሸክላ ለመጠበቅ ሙዚየም አያስፈልግም፤ አንድ ደህና ቁም ሣጥን ይበቃ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» ብሎ በሲዲ በተከታታይ ሲያወጣው ነው ብዙዎቻችን ሸክላ እንደነበረን ያስታወስነው። የወሰደብንን ከመርገማችን በፊት የጣልንበትን ሰዓት እንጠይቅ።

«ታዲያ ያኔ የነበሩት ሰዎች ሸክላውን ያከብሩት ነበር» አለ ተሳላሚው።

«አላከበሩትም፤ አጫወቱት። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ሲያሳትም እኮ በድንጋጌ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ያለው ሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። ጎረምሳው ድንጋጌውን አልፎ ዓለማየሁ እሸቴን ቀዳ፤ ቅጂውን ህንድ ልኮ አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላ አወጣ። ሕግ ጥሶ ያሳተመውን አንተ ፕላስቲክ ጥሰህ መስማት አቃተህ?»

ፈገግ አለ፤ ግን ማሸጊያውን አልቀደደም። ሰው ከእምነቱ በአንድ ቀን አይወጣም።

ከተሳላሚዎች ውስጥ ደግሞ የመሣሪያ መናፍስት የያዛቸው አሉ። ገመዱ ከብር ነው፣ ምንጣፉ ከቡሽ ነው፣ መርፌዋ ከየት ናት ይሉሃል። የሚዛኑን ነገር ብቻ እቀበላቸዋለሁ፤ የብዙዎቹ መርፌ ክብደት ሁለት ግራም አካባቢ ነው። ካቀለልከው መርፌው እየዘለለ መስመሩን ይልጠዋል፤ ካከበድከው ያርሰዋል። አንዱ ዘፈኑ ሲንሸራተትበት መርፌው ራስ ላይ ሳንቲም ለጥፎ አየሁት። «ሃምሳ ሳንቲም ምን ያደርጋል?» ብለው «ለሌላ ነገርማ ምን ይገዛልኛል!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መስመሩን ግን አረሰው። የቀረውን ግን፣ የብሩን ገመድና የቡሹን ምንጣፍ፣ ለባለ ገንዘብ እተውለታለሁ። የገመዱን ልዩነት በጆሮው የሚሰማ ሰው ሚስቱ ስትጠራው እንዴት እንደማይሰማ ያስገርመኛል።

የካሴት ወገንም አለ። እሱ በመሐል የቆመ ነው፤ ሸክላን ከመናቅም ከማምለክም ያርፋል፣ ካሴቱን ብቻ ያመሰግናል። «እኛ ነን የገደልናችሁ» ይላል። ልክ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ካሴት ሸክላን ከየሙዚቃ ቤቱ አስወጣው፤ ርካሽ ነበር፣ ለመገልበጥም ቀላል።

«ስለዚህ እናንተ ታሪክ ናችሁ።»

«ኃይሉ መርጊያን ታውቀዋለህ?»

«የዋልያስ ባንድ?»

«የደብረ ብርሃን ልጅ። 1985 ላይ አኮርዲዮን ይዞ በካሴት ቀዳ፤ ካሴቱ ተረሳ። እሱም ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘውና ምን አደረገው መሰለህ?»

«ኢንተርኔት ላይ ጫነው።»

«በ2013 በሸክላ አሳተመው! ገደልነው ያላችሁት ሸክላ ተነስቶ እናንተን ከመቃብር አወጣችሁ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።»

የካሴቱ ሰው ትንሽ ቆይቶ «አኮርዲዮኑን ግን እኛ ነን ያቆየነው» አለ። ይህችን ሰጠሁት። ሳጥን ውስጥም ቢሆን ማቆየት ማቆየት ነው።

በሁዳዴ ደግሞ ተራቢዬ ከፍ ያለ ነው። የሰፈራችን አባ በደጄ ሲያልፉ ሙዚቃ ሰምተው ገቡ። መብራት ስለጠፋ ሻንጣ የምትመስለውን፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራዋን ማጫወቻ ነበር ያወጣሁት።

«አንተ ሰው፣ በጾም ዘፈን?»

«ዘፈን አይደለም አባ፣ ፒያኖ ነው።»

«ፒያኖስ ቢሆን፣ ያለ አፍ የሚዘፍን አይደል?»

«የሚጫወቱት እኮ መነኩሲት ናቸው። እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1967 ጀርመን ነው ያሳተሙት፤ ገቢውም ለችግረኛ ነው የዋለው። በ2023 ኢየሩሳሌም አረፉ፣ በ99 ዓመታቸው።»

አባ ትንሽ አሰቡ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ቆብ የደፉ ናቸው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ኢየሩሳሌም ነበሩ?»

«ገዳም ውስጥ።»

«እንግዲያው ጮክ አድርግልን እንጂ፣ ምን ታንሾካሹካለህ!»

ጮክ አደረግኩት። ደግነቱ አልሰነበተም፤ ድንጋዩ አርጅቶ ኖሮ ማጫወቻዋ መዘግየት ጀመረች፣ ፒያኖውም እያቃሰተ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረደ። ድንጋይ ልቀይር ብዬ ብድግ ስል አባ እጄን ያዙኝ።

«ተው፣ አትንካ! እየሰገዱ ነው።»